ወርኃ ጽጌ በአሶሳ ጓሮዎች

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን መፀው፣ ሐጋይ፣ ፀደይና ክረምት በሚሉ አራት ወቅቶች ከፍላ ትቆጥራለች። ሰኔ 26 ቀን የገባው ክረምት መስከረም 25 ቀን ሲፈጸም በማግሥቱ መፀው ይተካል፤ ከመፀው መግባት ጋርም ዘመነ ጽጌ ይጀምራል። ይኸውም ከመስከረም 5፣ ከጥቅምት 30፣ ከኅዳርም 5 ቀናት ተደምረው 40 የሚሞሉበት የአበባ ወቅት ነው። በእነዚህ ቀናት እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋ ወደ ግብጽ መሰደዷ ይታሰባል። ለእሑድ በሚነጋው ሌሊት ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌን ከሰቆቃወ ድንግል ጋር እያስማሙ በማመስገን ያድራሉ። ኅዳር 6 ቀንም የቁስቋም በዓል ተከብሮ ወቅቱ ይደመደማል።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን በዓል ምክንያት በማድረግ፣ ክረምቱ ሲያባራ በአሶሳ ከተማና በአካባቢዋ በየጓሮው የሚታየውን የአትክልትና የአበባ ልምላሜ እንመለከታለን። የአበባው ወቅት በቅኔ ማኅሌት ብቻ የሚነገር ሳይሆን በየቤታችን ደጃፍ የሚታይና በእጃችን የሚዳሰስ ነውና፣ የጓሮውን ሥራ ከበዓሉ ምሥጢር ጋር አያይዘን ብናየው ለምዕመናን ቤተሰቦች ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ዝናቡ ሲሰናበት

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማ አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ናት። በክልሉ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ከጥንት ጀምሮ ይኖራሉ፤ በኋላ ዘመን ከሌላው የሀገራችን ክፍል የመጡ ወገኖችም አብረዋቸው ይኖራሉ። በአሶሳ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አጥር ተጋርቶ፣ ከአንድ ጉድጓድ ውኃ ቀድቶ የሚኖር ነው።

የአካባቢው ዝናብ በግንቦት በርትቶ ገብቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በመጽሐፉ ክረምት መስከረም 25 ቀን ቢወጣም፣ በአሶሳ ሰማይ ዝናቡ ጥቅምት እስኪጋመስ ድረስ እየተመላለሰ ይሰናበታል። ስለዚህም የዘመነ ጽጌ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጭቃ፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ በጠራ ፀሐይ ያልፋሉ። በዚህ መሐል የኑግ ማሳ ቢጫ ይለብሳል፤ ንብ ከማሳው ወደ ቀፎው ይመላለሳል፤ የቀርከሃው ቅጠል ከአቧራ ነጽቶ ያበራል። ባለሙያ እጅ ያላት እመቤት ግን ከሁሉ አስቀድማ የምታየው ሰማዩን ሳይሆን መሬቱን ነው። አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ የማይጣበቅ፣ ሲለቁት የሚፍረከረክ የሆነ ዕለት ጓሮው ለሥራ መድረሱን ታውቃለች።

አበባና ፍሬ

ነቢዩ ኢሳይያስ ከእሴይ ሥር በትር እንደምትወጣ፣ ከእርስዋም አበባ እንደሚያብብ አስቀድሞ ተናግሯል። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሲተረጉሙ በትሯ እመቤታችን፣ አበባው ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ መሆኑን ያስተምራሉ። በሌላ ስፍራም እመቤታችንን በአበባ፣ ልጇን በፍሬ መስለው ያመሰግናሉ። አባ ጽጌ ድንግል የደረሰው ማኅሌተ ጽጌ ይህን የአበባና የፍሬ ምሥጢር የሚያስፋፋ ድርሰት ነው።

ምሳሌው ከጓሮ የራቀ አይደለም። ዱባ የተከለ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። የዱባ ሐረግ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። አንዱ በቀጭን አንገት ላይ የሚቆም፣ ፍሬ የማይዝ ወንዴ አበባ ነው። ሌላው ከሥሩ ጣት የምታህል ለጋ ዱባ ይዞ የሚፈነዳ ሴቴ አበባ ነው። ንብ ከወንዴው ወደ ሴቴው ካልተመላለሰ ለጋዋ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። እንግዲህ ፍሬው ገና አበባው ሳይረግፍ ከሥሩ ተሰውሮ ይኖራል ማለት ነው። አበባን ከፍሬ ለይቶ፣ አንዱን ለዓይን ሌላውን ለሆድ ብቻ የፈጠረው አድርጎ ማሰብ የተፈጥሮን ሥርዓት አለማስተዋል ነው።

ከመደብ እስከ ጓሮ

በዚህ ዓመት እንዳየነው፣ ጓሯቸው አምሮ የተገኘው ቤተሰቦች ሥራውን የጀመሩት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሳይሆን ገና ዝናቡ ሳያባራ ነው። የጎመን፣ የቲማቲምና የቃሪያ ዘር የሚፈላበትን መደብ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ሠርተዋል። ጎርፉ ዘሩን እንዳያጥበው፣ የሚበዛውም ውኃ ሥሩን እንዳያበሰብሰው ነው። የመደቡ ስፋት ከአንድ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሳይረግጡት ከግራና ከቀኝ እጅ ዘርግቶ ለማረም ያመቻል። ከላዩም በአራት የቀርከሃ እንጨት ላይ የሣር ዳስ ይጣልለታል። ዳሱ ችግኙ ሲጠነክር ቀስ በቀስ ይሳሳል እንጂ በአንድ ቀን አይነሳም፤ በጥላ ያደገ ቡቃያ ድንገት የጥቅምት ፀሐይ ቢያገኘው ይጠወልጋልና።

በመስከረም መጀመሪያ የተዘራ የጎመን ዘር ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ውስጥ ለመተከል ይደርሳል። የሚተከለውም አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በመደቡ ላይ አስቀድሞ ውኃ ይጠጣል፤ ችግኙም ከነአፈሩ ይነሣል፤ ከአንዱ እስከ ሌላው ሁለት ስንዝር ያህል እየተራራቀ ይተከላል። ካሮትና ቀይ ሥር ግን መዛወር አይወዱም፤ በተለይ ካሮት በቦታው ተዘርቶ ሲበቅል መሳሳት አለበት። ሰላጣ ቶሎ ይደርሳል። ቲማቲም ቁመት ሲያወጣ በቀርከሃ ድጋፍ ይታሰራል፤ ቅጠሉ መሬት ከነካ በሽታ ይይዘዋል። በጥቅምት የመጀመሪያ ቀናት የተተከለ ጎመን የታችኛው ቅጠሉ መቀንጠስ የሚጀምረው በኅዳር አጋማሽ ነው። ይህም ያለ ምክንያት የተጠቀሰ አይደለም። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ቀን ነውና፣ በመስከረም መደብ ያበጀ ቤተሰብ በጾሙ መግቢያ ጎመኑን ከገበያ ሳይሆን ከደጁ ይቆርጣል።

ከዚህ ጋር የአካባቢውን ተክል መዘንጋት አይገባም። በበርታ ቤተሰቦች ጓሮ ባሚያ የተለመደ ነው። ለጋው ትኩሱን ይበላል፤ የተረፈውም ተከትፎና በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል፤ ለማሽላ ገንፎ ማባያ የሚሆን ወጥም ይወጣዋል። ድንበር ተሻግሮ በሱዳን ዌካ የሚባለውም ይኸው የደረቀ ባሚያ ነው። ከደጋ የመጡ ክርስቲያን እናቶች ባሚያን ከጎረቤቶቻቸው ተምረው ዛሬ ለጾም ማዕዳቸው ያበስሉታል፤ በለውጡም በሶብላና ጤና አዳም ከእነርሱ ጓሮ ወደ ጎረቤት አጥር ተሻግሯል።

ምስጥ፣ አመድና ውኃ

የአሶሳ ጓሮ ከባድ ፈተናዎች አሉበት። የመጀመሪያው አፈሩ ነው። ቀዩ አፈር ዘወትር በብዙ ዝናብ እየታጠበ ጉልበቱን ያጣል፤ ይኮመጥጣልም። ስለሆነም የምድጃ አመድ እንደ ቆሻሻ የሚጣል ነገር አይደለም። ተነፍቶ በስሱ ከአፈሩ ጋር ቢቀላቀል ኮምጣጣነቱን ያለዝባል። ሆኖም ከመጠን በላይ ከሆነ ራሱ ይጎዳልና በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይሻላል። ከከብትና ከዶሮ እበት፣ ከቅጠልና ከማእድ ቤት ትርፍራፊ የተዘጋጀ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ደግሞ የጓሮው ዋና ምግብ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ምስጥ ነው። በሌላ አካባቢ ያለ ገበሬ እርጥበት ለመቆጠብ በአትክልቱ ሥር ደረቅ ሣር ያለብሳል። በአሶሳ ግን ደረቅ ሣር ለምስጥ የተዘረጋ ማዕድ ነው። አንድ ምሽት የለበሰው ሣር በጥቂት ቀናት የአፈር ቆብ ደፍቶ ይገኛል፤ ከሣሩም ምስጡ ወደ ችግኙ ግንድ ያልፋል። የቀርከሃ አጥርም ቢሆን ከሥሩ እየተበላ በጥቂት ዓመታት ይወድቃል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አትክልተኞች ደረቅ ሣር ከማልበስ ይልቅ የበሰበሰውን ብስባሽ በችግኙ ዙሪያ ይከምራሉ፤ ግንዱ አጠገብ አመድ ይነሰንሳሉ፤ ኩይሳ በግቢያቸው ሲያዩም ሳያድር ቆፍረው እናቲቱን ይፈልጋሉ። እናቲቱ ካልተገኘች ኩይሳው ተመልሶ ይነሣልና ልፋቱ ከንቱ ይሆናል።

ሦስተኛው ውኃ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጉድጓዱ ሙሉ፣ ሰማዩ ብሩህ ስለሆነ ሁሉም ሰው አትክልተኛ ነው። ጥር ሲገባና የካቲት ሲከተል ግን የጉድጓዱ ገመድ ይረዝማል። የጓሮው ሰው የሚለየው ያን ጊዜ ነው። አትክልት የታጠበበት ውኃ፣ እጅ የታጠበበት ውኃ ሁሉ በገንዳ እየተጠራቀመ ጠዋት በማለዳና ማታ ለሥሩ ብቻ ቢደርስ ብዙ መደብ ያድናል። በቀትር ቅጠል ላይ የሚረጭ ውኃ ግን አብዛኛው ለፀሐይ ይቀራል።

ማንጎም በየግቢው ስላለ አንድ ቃል እንጨምር። አሶሳ በማንጎዋ የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ መታየቱ የተመዘገበው ቅጠልና ፍሬ ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ የሚለጠፍ ተባይ ግን ወደዚህም ዘልቆ ዛፎቹን አስጨንቋል። የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ መግረዝ፣ ብርሃንና ነፋስ በዛፉ መካከል እንዲያልፍ ማድረግ፣ በተባዩ የተጠቃውንም ቅጠል ሰብስቦ ማቃጠል በቤተሰብ አቅም የሚሠራ ነው።

አበባውስ ለምን?

ውኃ ሲያጥር በየቤቱ አንድ ክርክር ይነሣል። ጎመኑ እየተጠማ ለጽጌ ረዳው ውኃ ማጠጣት ምን ይጠቅማል የሚል ነው። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ልጆች የሚያበላ አባት ይህን ቢጠይቅ በስስት ሊነቀፍ አይገባውም።

እኛ ግን እንዲህ እናስባለን። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ኑሮ የሚጨነቁትን ሲያጽናና የሜዳ አበባን እንዲመለከቱ አዟል፤ የሰሎሞንን ክብር እንኳ ከአበባ ልብስ አሳንሷል። አበባ የሚያስተምረው ነገር ባይኖር ኖሮ መምህር አድርጎ ባልሰጠንም ነበር። ከዚህም ሌላ፣ ከላይ በዱባው እንዳየነው፣ በጓሮው ጠርዝ ያለው አበባ ንቡን ይጠራል፤ በአበባው የመጣው ንብ ዱባውንና ዱባ መሳዩን ሁሉ ፍሬ ያሲዛል። በሶብላ ሲያብብ ንብ አይለየውም፤ ደርቆም ለወጥ ቅመም ይሆናል። ሱፍ አበባ በፀሐይ ፊት ቆሞ ዘሩን ይሰጣል። ስለዚህ በግቢያችን የተስማማንበት መንገድ መካከለኛ ነው። ብዙ ውኃ የሚጠጣውን አበባ ቀንሰን፣ በጥቂት ውኃ የሚቆመውንና ንብ የሚወድደውን በአጥሩ ዙሪያ ተክለናል። አንድ የጽጌ ረዳ እግር ደግሞ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ አለ፤ ከእጃችን የሚወርደው ውኃ ይበቃዋል።

የስደት ተክል

ወደ በዓሉ እንመለስ። እመቤታችን፣ ጻድቁ አረጋዊ ዮሴፍና ሰሎሜ ሕፃኑን ይዘው በሄሮድስ ቁጣ ምክንያት ሀገር ለቀው በወጡ ጊዜ፣ በግብጽ ምድር ከደረሱባቸው ስፍራዎች አንዱ መጠርያ መሆኑን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነግረናል። በዚያም ጌታችን የዮሴፍን በትር ቆራርጦ ተከለው፤ ውኃም አፈለቀ፤ በትሩም ለምልሞ የበለሳን ተክል ሆነ። ከዚህ በለሳን የሚገኘው ዘይት ለቅዱስ ሜሮን መዋሉ በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን የታወቀ ነው። በሀገራችንም በጣና ሐይቅ ዳር ባለችው በዘጌ፣ እንደ ገዳሙ ትውፊት፣ የአቡነ በትረ ማርያም በትር ተቆርጦ ቢተከል ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኗል። በሁለቱም ታሪክ በትር የመንገደኛ ምርኩዝ ነው። ምርኩዙን ወደ መሬት የተከለ ሰው መንገዱ ያደረሰውን ስፍራ ሀገሩ አድርጎ ተቀበለ ማለት ነው።

ይህን በአሶሳ ምድር የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። በደርግ ዘመነ መንግሥት፣ በተለይ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ፣ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች ወደዚህ መጥተው ሰፍረዋል። ከመጡት መካከል ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበረ። ብዙዎች በፈቃዳቸው አልመጡም፤ በመንገድና በሰፈራው የመጀመሪያ ዓመታት በወባና በሌላም በሽታ የሞቱት ጥቂቶች አይደሉም። የተረፉት ግን ሐዘናቸውን ይዘው ጓሮ ቆፈሩ። ዛሬ በሰፈራ መንደሮች ጥላ የሆነው ማንጎ በየደጁ የቆመው በዚህ ዓይነት እጅ ነው። ከዚያም ወዲህ መከራው አላበቃም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በደረሰው ግጭት ብዙ ንጹሐን ሞተዋል፤ እጅግ ብዙዎችም ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ጓሮውን ጥሎ የሄደ ሰው ያጣው ጎመን ብቻ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ያስቀመጠውን ዘርም ጭምር ነው።

ድንበሩን ተሻግረው የሚመጡትም አሉ። በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ቤተሰቦች በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ ዞን ገብተዋል። ከዚያ በፊትም የሸርቆሌ፣ የባምባሲና የጾሬ መጠለያዎች ለዓመታት ስደተኞችን ሲያስጠልሉ ቆይተዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኡራ መጠለያ ተጨምሯል። እንግዲህ በማኅሌቱ የእመቤታችንን ስደት እያሰብን ስናለቅስ፣ ሕፃን ታቅፋ የተሰደደች እናት ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ጥቂት ሰዓት በሚያስኬድ መንገድ ላይ እንዳለች መርሳት አይገባንም። በሃይማኖት ባትመስለን፣ በቋንቋ ባትግባባን እንኳ፣ ግብጻውያንም እመቤታችንን የሚያውቋት አልነበሩም።

እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምእተ ዓመት በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ሲያሳንጹ የዚህን ስደት መታሰቢያ በድንጋይና በኖራ አቆሙ። ያን ያህል አቅም የሌለን ምዕመናን መታሰቢያውን በምን እናቁም ቢባል፣ ችግኝ በእጃችን አለ።

ከመደቡ የተረፈው

ጾመ ጽጌ ከሰባቱ አጽዋማት የሚቆጠር ሳይሆን በፈቃድ የሚጾም ነው። በፈቃድ በመሆኑም ፍሬው ይበልጥ በምጽዋት ይታወቃል። አባቶች ጾምን ከምጽዋት ለይተው አላስተማሩንም፤ ከራስ ማዕድ የቀነሱት ለባልንጀራ ካልደረሰ ጾሙ ጎደሎ ይሆናል። አትክልት ለዚህ የተመቸ ነው። አንድ ቁና የጎመን ቅጠል ወይም አንድ ዱባ ሰጪውን አያደኸይም፤ ተቀባዩንም አያሳፍርም። የበለጠ የሚጠቅመው ግን ችግኙንና ዘሩን መስጠት ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት በየዓመቱ መስከረም ላይ ከሚያስፈልጋት እጥፍ ችግኝ ታፈላለች፤ ምክንያቱን ሲጠይቋት፣ በመደብ ላይ የተረፈ ችግኝ ለሌላ ሰው የተላከ ነው ትላለች። ባለፈው ጥቅምትም ከእርስዋ መደብ የተነሡት የጎመንና የቃሪያ ችግኞች ወደ ሦስት ጓሮ ገብተዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ከመተከል ተፈናቅለው በመጡ ቤተሰቦች የተከራዩት ጠባብ ግቢ ነው። የዚያ ግቢ ቃሪያ አሁን ነጭ አበባውን እያረገፈ ፍሬ ይዟል።

ስለሆነም በዚህ የቁስቋም በዓል ሰሞን ለአንባብያን ጥቂት ነገር እናሳስባለን። የጎመንን፣ የሰላጣንና የበሶብላን አንዳንድ ብርቱ እግር ሳትቆርጡ ለዘር ተዉት፤ ዘሩ ሲደርቅ በአመድ አሽታችሁ፣ ምስጥና አይጥ ከማይደርስበት፣ እርጥበት ከማይነካው ዕቃ ውስጥ አኑሩት። የጥርና የየካቲትን የውኃ እጥረት ዛሬ አስባችሁ፣ ልትንከባከቡት ከምትችሉት በላይ መደብ አታስፉ። ልጆች ሰንበት ትምህርት ቤት የሚማሩትን የጽጌ መዝሙር በጓሮ ያለውን አበባ እያሳያችሁ ተርጉሙላቸው። ከምትቆርጡት ቅጠልና ከምታነሡት ችግኝ የጎረቤታችሁን፣ የተፈናቃዩንና የስደተኛውን ድርሻ አስቀድማችሁ ለዩ።

የእመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ ለተሰደዱት መመለሻን፣ ለሀገራችንም ሰላምን ያድልልን። እንኳን ለቁስቋም በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።